ከመርፌው በፊት ጠይቁን

ለ፦ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ታካሚው እንዲያውቅና እንዲወስን ስለመጠየቅ

57 ዓመቴ ነበር። ለአጠቃላይ ምርመራ ሄድኩ። ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ኩላሊት፣ ጉበት፤ የተለመደው ነው። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ደም ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከሰዓት ተመልሼ ውጤቱን ተቀበልኩ። ሁሉም ደህና ነው፤ አንዲት መስመር ስትቀር። «ፒኤስኤ 5.6» ትላለች። ጎኗ ላይ ወደ ላይ የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩ።

«የፕሮስቴት ናት አባቴ። ከሃምሳ በላይ ለሆነ ወንድ አብረን እናያታለን» አለችኝ ልጅቷ። በትህትና ነው የነገረችኝ። እንደ ምርቃት የተጨመረልኝ ነገር መሆኑ ነው።

ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ወረቀቱን አየ። «ከ4 በላይ ስለሆነ ናሙና መውሰድ ይኖርብናል» አለ። ናሙናው ከምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከፕሮስቴቱ በመርፌ እንደሚወሰድና ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንደሚታይ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናግሮ ይሆናል። እኔ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የትንሿ ልጄ ትምህርት ስንት ዓመት እንደቀረው ስቆጥር አነጋሁ።

አሁን ሌላውን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በፕሮስቴት ካንሰር ነው። 66 ዓመቱ ነበር። ለወራት ወገቤን አመመኝ ይል ነበር። አንዱ ብርድ ነው አለው፣ አንዱ ፍራሹን ቀይር አለው። በሽታው ሲታወቅ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እሱን በሕይወት ዘመኑ ስለ ፕሮስቴት ጠይቆት የሚያውቅ ባለሙያ አልነበረም።

እሱ ሳይጠየቅ ቀረ። እኔ ሳልጠየቅ ተመረመርኩ። ሁለቱ የተለያየ ስህተት ይመስላል። እኔ ግን አንድ ስህተት ነው እላለሁ። ማስረጃዬም ይኸው፤ ደሜን ሳይጠይቁኝ የወሰዱት ሰዎች ወንድሜ በዚህ በሽታ መሞቱን እስከ መጨረሻው አላወቁም። ከየት ይወቁት? የጠየቀኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። እሷ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። በቅርቡ የሽንት ኢንፌክሽን ይዞህ ነበር? ለፕሮስቴት ወይም ለፀጉር መሳሳት የምትወስደው መድኃኒት አለ? ከቤተሰብህ በዚህ የታመመ አለ? ለመጀመሪያው አዎ አልኩ፤ የኢንፌክሽን መድኃኒቴን ከጨረስኩ ገና አሥር ቀኔ ነበር። ለሁለተኛው የለም አልኩ። ሦስተኛውን ስመልስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው አንተ ላይ ቁጥሩ ሁለት ነገር ይናገራል» አለችኝ። ኢንፌክሽኑ ከፍ አድርጎት ይሆናል። የወንድሜ ታሪክ ደግሞ ጉዳዩን ቸል እንዳልል ያስገድደኛል። ከሁለት ወር በኋላ ደሙ ተደገመ። 2.3 ሆነ።

ሦስት ጥያቄ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ወንዶችም ስለሚኖሩ ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልበል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች ያለች፣ የሽንት ቧንቧን ከብባ የምትገኝ ዕጢ ናት። የዘር ፈሳሽን ከፊሉን የምታመርተው እሷ ናት። ፒኤስኤ ይህችው ዕጢ የምትሠራው ፕሮቲን ነው። ጤነኛዋም ትሠራዋለች፣ የታመመችውም ትሠራዋለች። ስለዚህ ደም ውስጥ ሲበዛ «ፕሮስቴቷ ላይ የሆነ ነገር አለ» ይላል እንጂ «ካንሰር አለ» አይልም። በዕድሜ ምክንያት ዕጢዋ ስታድግ ይጨምራል። ስትቆጣ ይጨምራል። የሽንት ኢንፌክሽን ይጨምረዋል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የተደረገ ግንኙነት ወይም ረጅም የብስክሌት ጉዞ እንኳ ሊያዛባው ይችላል። በተቃራኒው ፊናስቴራይድ የሚባለው መድኃኒት ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። የፀጉር መሳሳት መድኃኒት ብሎ የሚወስደው ሰው ለሐኪሙ ካልነገረ ከፍ ያለው ቁጥሩ ደህና መስሎ ይታያል።

4 የምትባለዋም ቁጥር ቢሆን ግድግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የአሜሪካ ጥናት ውጤቱ ይፋ ሆኖ ነበር። ፒኤስኤያቸው 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ወንዶች ናሙና ተወሰደ። 15 በመቶ ያህሉ ላይ ካንሰር ተገኘ። ከ4 በላይ የሆኑት ብዙዎቹ ደግሞ ምንም የለባቸውም። እና ያቺን ቀስት የምታትሙ ሰዎች ሆይ፣ ቀስቷ ከምታውቀው በላይ እየተናገረች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በሽታን አስቀድሞ ስለመከላከል ምክር የሚሰጠው የአሜሪካ የባለሙያዎች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ምክሩን ሲያወጣ ለታካሚዎች የሚሆን ስሌት አብሮ አዘጋጅቶ ነበር። እኔ ይህን ስሌት ያየሁት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ከመርፌው በፊት ባየው ምን ነበረበት?

ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ 1,000 ወንዶችን አስቡ። ምርመራው ቀርቦላቸው ለአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ይከታተላሉ። 240ዎቹ አንድ ቀን ልክ እንደ እኔ ቀስት ያለበት ወረቀት ይደርሳቸዋል። ናሙና ተወስዶ 100 ያህሉ ካንሰር አለባችሁ ይባላሉ። የቀሩት 140ዎቹ በከንቱ ደንግጠዋል ማለት ነው። ከመቶዎቹ ከ20 እስከ 50 የሚሆኑት ካንሰራቸው ፈጽሞ የማያድግ፣ የማይሠራጭ፣ ባይታወቅ ኖሮ ሌላ ነገር እስኪገድላቸው ድረስ አብሯቸው የሚኖር ነው። ግን የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚለይ የለም። ስለዚህ ከመቶው 80ዎቹ ወዲያው ወይም ቆይተው ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ይወስዳሉ። 50ዎቹ ስንፈተ ወሲብ ያገኛቸዋል። 15ቱ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። 5ቱ ይህ ሁሉ ተደርጎላቸውም በበሽታው ይሞታሉ። 3ቱ በሽታው ወደ ሌላ አካላቸው ከመሠራጨት ይድናሉ። ከሞት የሚተርፈው 1.3 ሰው ነው።

አንድ ነጥብ ሦስት። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ ለአንድ ሰው? ከዚያ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ያ አንድ ሰው እሱ ሊሆን ይችል ነበር። ሳቁ ጠፋ። ይህን ስሌት አይቶ «አልመረመርም» የሚል ሰው አይሳሳትም። አይቶት «እመረመራለሁ» የሚልም አይሳሳትም። እኔ የምቃወመው ሳያዩት መወሰንን ነው። ከዚያም በላይ ሌላ ሰው እንዲወስንልኝ ማድረግን።

ስሌቱ የመጣው ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ) በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ከተጀመሩ ጥናቶች መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬ በብዙ ቦታ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ቀጥታ ወደ መርፌ አይላክም። መጀመሪያ ደሙ ይደገማል። ከዚያ ኤምአርአይ ይታያል። ምስሉ የሚያሰጋ ነገር ካላሳየ ብዙ ሰው ከናሙናው ይተርፋል። ካንሰር ቢገኝበትም ቀላል ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወዲያው አይቆረጥም፤ በክትትል ይቆያል። ስለዚህ የጉዳቱ ቁጥር እንደ አሠራሩ ይለያያል። ይህን ደግሞ መንገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። እናንተ ጋ ቁጥሬ ከፍ ቢል ቀጥሎ ምን ይደረጋል? ኤምአርአይ አለ? በክትትል የሚያቆይ ሐኪም አለ? የዚህን መልስ ሳያውቅ ደም የሚሰጥ ሰው የመጀመሪያውን በር ብቻ አይቶ ነው ቤቱን የሚገዛው።

ጥቅሙ የለም የሚሉ ሰዎችም ልክ አይደሉም። ከ160 ሺህ በላይ ወንዶች የተካተቱበት የአውሮፓ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ነው የተጀመረው። ከ13 ዓመት በኋላ ሲታይ አንድ ሰው ከፕሮስቴት ካንሰር ሞት እንዲተርፍ 781 ወንዶች ለምርመራ መጠራት ነበረባቸው። ከ16 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 570 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የ23 ዓመት ውጤት 456 አድርሶታል። አያችሁ? ጥቅሙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጉዳቱ ግን ቸኩሎ ይመጣል። ድንጋጤው በዚያው ቀን፣ መርፌው በወሩ፣ የቀዶ ሕክምናው ጣጣ በዓመቱ። የ52 ዓመት ሰውና የ76 ዓመት ሰው አንድ ወረፋ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ምርመራ ሲታዘዝላቸው የማዝነው ለዚህ ነው። አዛውንቱ ጉዳቱን ተቀብለው ጥቅሙ ሳይደርስላቸው ይቀራል። ከላይ የጠቀስኩት ግብረ ኃይል ከ70 ዓመት ጀምሮ ይህ ምርመራ እንዳይደረግ የሚመክረውም በዚሁ ስሌት ነው።

ያው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2012 ምርመራው ለማንም እንዳይደረግ መክሮ ነበር። በ2018 ከ55 እስከ 69 ዓመት ላሉት «ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ሰውየው ይወስን» ወደሚል ዞረ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እነሱም አያውቁትም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ጥቅምና ጉዳቱ በጣም ሲቀራረብ ሚዛኑን የሚያጋድለው የሰውየው ፍላጎት ነው። ያኔ ሐኪሙ ብቻውን ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ይሆናል።

አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፤ በየማስታወቂያው የምትለጠፍ። «የፕሮስቴት ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ ይድናል።» እባካችሁ አንሷት። ግማሽ እውነት ናት። ቀድሞ ከተገኙት ብዙዎቹ ባይገኙም አይገድሉም ነበር። ጥቂቶቹ ደግሞ ቀድመው ተገኝተውም ይገድላሉ። መሐል ላይ ያሉት ናቸው በመገኘታቸው የሚተርፉት።

ከዚህችው ጋር የምትመጣ የቁጥር ጨዋታም አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሩዲ ጁሊያኒ በአሜሪካ ከፕሮስቴት ካንሰር የመትረፍ ዕድል 82 በመቶ፣ በእንግሊዝ ግን 44 በመቶ ብቻ ነው ብለው ነበር። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ነገር ግን በሁለቱ አገሮች በዚህ በሽታ የሚሞቱ ወንዶች መጠን ተቀራራቢ ነበር። እንዴት ይሆናል? በቀላል ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ሰው 70 ዓመቱ ላይ በፕሮስቴት ካንሰር ይሞታል እንበል። 67 ዓመቱ ላይ አጥንቱን አሞት ቢታወቅ የኖረው ሦስት ዓመት ነው። «አምስት ዓመት አልቆየም» ተብሎ ይመዘገባል። ያው ሰው በደም ምርመራ 60 ዓመቱ ላይ ቢታወቅ አሥር ዓመት ኖረ ይባላል። «ተርፏል» ከሚባሉት ዝርዝር ይገባል። የሞተው ግን ያው 70 ዓመቱ ላይ ነው። ሰዓቱ ቀድሞ መቆጠር ጀመረ እንጂ ዕድሜው አልረዘመም። በዚህ ላይ ፈጽሞ የማይገድሉት ካንሰሮች ሲጨመሩ የመትረፍ መቶኛው ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ለታካሚ ስትነግሩ የአምስት ዓመት መትረፍን ተዉት። ከሺህ ሰው ስንት ይሞታል፣ ብንመረምር ስንት ይሞታል፣ ይኸን ንገሩን። ይገባናል። ከገበያ ሒሳብ የሚከብድ አይደለም።

ስለ ጉዳቱ ስትነግሩን ደግሞ አትፈሩ። ወይም አታፍሩ ልበል። ቀዶ ሕክምና ያደረገ አንድ የማውቀው ሰው ከመግባቱ በፊት «አንዳንድ ለውጥ ሊኖር ይችላል» ተብሎ ነበር። ለውጥ! የፀጉር አቆራረጥ ነው እንዴ? ዳይፐር አድርጎ መውጣት እንዳለ አልነገሩትም። ከሚስቱ ጋር ያለው ነገር እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል አልነገሩትም። እሱም አልጠየቀም። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከአፉ ማውጣት ይከብደዋል፤ ሐኪሙም ወንድ ከሆነ ሁለቱ ተያይተው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ። ስለዚህ መጀመር ያለበት ባለሙያው ነው። በግልጽ ቃል፣ በሩ ተዘግቶ። ሰውየው ሚስቱ እንድትኖር ከፈለገ እሷም ትግባ። ዝም ካላችሁ እኛም ዝም እንላለን፤ ቆይተን ነው የምንናደድባችሁ።

በነገራችን ላይ ብዙ ወንድ ከዚህ ጉዳይ የሚሸሸው «በፊንጢጣ ጣት ያስገባሉ» ሲባል ሰምቶ ነው። እየተሳቀቀ ሰባት ዓመት የቆየ ሰው አውቃለሁ። ምንም ምልክት ለሌለው ሰው የመጀመሪያው እርምጃ የደም ምርመራው እንደሆነና የጣት ምርመራው ብቻውን ለቅድመ ምርመራ ያለው ጥቅም እንዳልተረጋገጠ አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ አይሸሽም ነበር።

ካንሰር ተገኘ የተባለ ሰውም ቢሆን ሌላ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ደም የሚሰጠው ሰው ይህን ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል። በእንግሊዝ የተካሄደ አንድ ትልቅ ጥናት በደም ምርመራ ካንሰራቸው የተገኘ፣ በሽታው ከዕጢዋ ያልወጣ 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ። አንዱ ቡድን በክትትል ቆየ፣ ሌላው ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ ሦስተኛው ጨረር ወሰደ። ከ15 ዓመት በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ። እርግጥ ክትትል ላይ በቆዩት ዘንድ በሽታው ወደ ሌላ አካል የተሠራጨባቸው 9 በመቶ ገደማ ሲሆኑ በሌሎቹ 5 በመቶ ያህል ናቸው። ይህም ተራ ነገር አይደለም። ግን ለሰዎች «ቸኩል፣ ነገ ይረፍዳል» የሚባለውን ያህል የሚያጣድፍ እንዳልሆነ ያሳያል። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ይህን ካላወቀ «ቶሎ አውጡልኝ» ነው የሚለው። እኔም እል ነበር።

ይህ ሁሉ የምለው ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ሽንት የዘጋው፣ አጥንቱን እየጠዘጠዘ የማይለቀው፣ ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ምርጫ ላይ አይደለም። ቶሎ መታየት አለበት። ወንድሜ የነበረው ከእነዚህ ወገን ነው።

አሁን መልሳችሁን እገምታለሁ። «ጊዜ የለንም። በቀን ስንት ሰው እንደምናይ ታውቃለህ?» አውቃለሁ። ወረፋው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ግን አስቡት። ከመርፌው በፊት ያላወራችሁትን ከውጤቱ በኋላ ታወሩታላችሁ። ያኔ የምታወሩት ከደነገጠ ሰው ጋር ነው። የደነገጠ ሰው አይሰማም፤ ይመለሳል፣ ይደውላል፣ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። እኔ በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ነው የተመላለስኩት። አሥር ደቂቃ ለመቆጠብ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ቁጠሩት።

ደግሞ ሁሉም በሐኪም አፍ መነገር የለበትም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የሺህ ሰዎቹ ሥዕል ያለበት፣ ጥቅሙም ጉዳቱም እኩል በሚነበብ ፊደል የተጻፈበት። ማንበብ ለማይችል ነርሷ ታንብብለት፣ ወይም በድምፅ ተቀርጾ ይሰማ። እንዲህ ያለ የውሳኔ አጋዥ የሚሠራ ስለመሆኑ ጥርጣሬ የለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስቦ ተመልክቶት ነበር። ይህን ያገኙ ታካሚዎች ጉዳያቸውን በተሻለ ያውቃሉ፣ አደጋውን በትክክል ይገምታሉ፣ ውሳኔያቸውም ከሚፈልጉት ነገር ጋር ይበልጥ ይስማማል። ወረቀቱን ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የላቦራቶሪ ማዘዣው ጋር አያይዛችሁ ቤቱ ወስዶ እንዲያነብ ማድረግ ትችላላችሁ። የፕሮስቴት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ድንገተኛ ጉዳይ አይደለም። ሳምንት ቢቆይ የሚቀየር ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ይህን የሰማ ሐኪም ወረቀቱን ወርውሮ «ምርጫው የርስዎ ነው» ብሎ እጁን እንዳይታጠብ። ያም ቢሆን መተው ነው። እኔ የሕክምና ትምህርት አልተማርኩም። ቁጥሩን ካየሁ በኋላ «ዶክተር፣ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑስ?» ብዬ የመጠየቅ መብት አለኝ። ጠይቄም ነበር። ሁለተኛዋ ሐኪም አልሸሸችም። «ወንድም በዚህ የሞተበት የ57 ዓመት ሰው ብሆን እመረመር ነበር። ካንሰሩ ቀላል ደረጃ ላይ ከሆነ ግን ለመቆረጥ አልቸኩልም። አንተ ግን እኔ አይደለህም፤ አለማወቅ ይሻለኛል የምትል ከሆነ አልፈርድብህም» አለችኝ። ይሄ ነው መልስ። ሐሳቧን ነገረችኝ፣ ውሳኔዬን ግን አልወሰደችብኝም።

ከዚያ በኋላ የሺህ ሰዎቹን ስሌት የያዘውን ወረቀት ለአንድ አብሮ አደጌ አሳየሁት። እኩያዬ ነው። ከቤተሰቡ የታመመ የለም። ብዙ ጊዜ አየው። መጨረሻ ላይ መልሶ ሰጠኝ። «እኔ አንዴ ከጀመርኩ መቆም አልችልም» አለኝ። «ቁጥሩ በነጥብ አንድ ቢጨምር እንቅልፍ አይወስደኝም። መርፌ ይወጋኛል፣ ከዚያ ይቆረጥልኝ እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ይቅርብኝ።» እኔ በየዓመቱ እመረመራለሁ። እሱ አይመረመርም። አንድ ወረቀት ነው ያነበብነው። ሁለታችንም ደህና ተኝተን እናድራለን።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፒኤስኤን ከጥቅል ምርመራው ውስጥ አውጡት። ለብቻው ይታዘዝ፣ ማዘዣው ላይም «ለታካሚው ተነግሮታል፣ ተስማምቷል» የሚል ቦታ ይኑረው። ቦታው ባዶ ከሆነ ላቦራቶሪው ደሙን አይሥራ፤ ይመልሰው። ከዚያው ሥር ስለ አባት፣ ስለ ወንድም፣ ስለ ልጅ አንድ ጥያቄ ይጻፍ። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው አደጋው ከሌላው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ቢአርሲኤ2 የሚባለው፣ በቤተሰብ የሚወረሰው የዘረ መል ለውጥ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው አደጋው ከፍ ይላል። እነዚህን ሃምሳ እስኪሞላቸው አትጠብቁ፤ ወሬውን ቀደም ብላችሁ ጀምሩላቸው። ወንድሜን ያጣሁት በዚህች ክፍተት ነው። ሌላው፣ ከፍ ያለ ቁጥር ሲገኝ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ደሙ ይደገም። ውጤቱንም በቀስት አትስጡን። ሰው ይንገረን።

ወረቀቱን ስታረቅቁ መጀመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሰው አስነብቡት። እሱ ያልገባው ቃል ካለ ቃሉን ቀይሩት እንጂ ሰውየውን አታስረዱት። አንባቢ ካጣችሁ እኔና አብሮ አደጌ ፈቃደኞች ነን። አንድ የሚመረመር፣ አንድ የማይመረመር ታገኛላችሁ። መነጽራችንን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ ታካሚ